የልጃችን ልደት በየትኛው አቆጣጠር?

«ልጅቷ መቼ ተወለደች?» ተብሎ ለሚቀርበው ጥያቄ ሁርሶ ላይ የሚሰጠው መልስ እንደ መላሿ እናት ይለያያል። አንዷ «በቁልቢ ገብርኤል ማግስት» ትላለች። ሁለተኛዋ «ረመዳን በገባ በአሥረኛው ሌሊት» ብላ ትመልሳለች። ከብቶቿን ይዛ ከገጠሩ የመጣችው የሶማሌ እናት «የካራን ዝናብ በጀመረ ሰሞን» ትላለች። ጅቡቲ ወልዳ የተመለሰችው ደግሞ በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ካርድ አውጥታ ታሳያለች። ከአራቱ እናቶች የተሳሳተች የለችም። ችግሩ የሚመጣው ቅጹ ላይ ለልደት ቀን የተተወው ባዶ ቦታ አንድ ብቻ በመሆኑ ነው።

ይህ ዓምድ ዛሬ ስለ ዘመን አቆጣጠር ማንሣቱ ለታሪክ ዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። የሕፃን ክትባት በሳምንት ተቆጥሮ ይሰጣል። ተማሪ በዕድሜው ይመዘገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አንዲት ልጃገረድ ለጋብቻ ደርሳለች ወይም አልደረሰችም የሚባለውም ዓመቷ ተቆጥሮ ነው። ቁጥሩ የተዛባ እንደ ሆነ ጉዳቱ በመዝጋቢው ላይ ሳይሆን በልጅቱ ላይ ይወድቃል።

ሁርሶ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ በባቡሩ መስመር ላይ የምትገኝ ቆላማ ሥፍራ ናት። የጦር ማሠልጠኛ ስላለባት ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ኖረውባታል፤ በዙሪያዋ የኢሳ ሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ይገኛሉ። ድሬዳዋም ብትሆን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የባቡር ድርጅቷ ጽሕፈት በፈረንሳይኛ የነበረ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ሥፍራ አንዲት እናት በጎረቤቷ በዓል ቡና ለመጠጣት ስትል ብቻ እንኳ ከአንድ በላይ አቆጣጠር በአእምሮዋ ይዛ መኖር ግድ ይላታል።

በመሥሪያ ቤት የምንሠራበት የኢትዮጵያ አቆጣጠር 12 እኩል ባለ 30 ቀን ወሮችና ባለ 5 ቀን ጳጉሜን አሉት። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ዓመቶቹ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም ይጠራሉ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። የትኛው ዘመን እንደ ሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ያካፍለው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 2016 ዓ.ም. ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ ግን እናቶችን ያገለገለው፣ በወሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቀን ስም ያለው መሆኑ ነው። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች እናት «በሚያዝያ ጊዮርጊስ ወለድኩት» ስትል ሚያዝያ 23 ማለቷ ነው፤ አንድ ቀን አትስትም። በእኛ አካባቢ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ላይ የሚከበረው የገብርኤል በዓል ለዚህ ትልቅ ምልክት ነው። ልጅ ለማግኘት ተስላ፣ ያገኘችውን ልጅ ለክርስትና ይዛ ወደ ቁልቢ የምትወጣ እናት የልጇን ዕድሜ በየዓመቱ በዚያው በዓል ትቆጥራለች።

የእስልምናው የሂጅራ አቆጣጠር በጨረቃ የሚሄድ ነው። ወሮቹ 29 ወይም 30 ቀን ሲኖራቸው ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ይሆናል። ከፀሐዩ ዓመት ጋር ሲተያይ 11 ቀን ያህል ይጎድለዋል። ጭማሪ ወር ስለማይገባበትም ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት ገደማ በጋውንም ክረምቱንም ያዳርሳል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን የገባው ረመዳን በ2017 ዓ.ም. የካቲት 22 ቀን መግባቱን ያስታውሷል።

ይህች 11 ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ሊቃውንት ዘንድም አለች። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም በሚጠራው በባሕረ ሐሳብ ትምህርት፣ ወንበር የሚባለው ቁጥር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይገኛል። አበቅቴ ማለት ፀሐይ ጨረቃን የምትበልጥበት ትርፍ ቀን ነው። እንግዲህ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ረመዳንን ወደ ኋላ ስትሸኘው፣ መምሬም ጾመ ነነዌን ለማግኘት ጣታቸውን ሲያጥፉ፣ ሁለቱም የያዙት ያችኑ 11 ነው። ልዩነቱ፣ አንደኛው ትርፉን ቀን ትቶ ከጨረቃ ጋር ሲጓዝ፣ ሌላው በ19 ዓመት ዙር እያስታረቀ ከፀሐይ ጋር መሄዱ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንዳንዴ ይገናኛሉ። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሰኞ፣ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገብተዋል። በዚያ ሰሞን በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች፣ አንዷ የሽሮ ድስቷን ስትጥድ ሌላዋ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ ሥጋና ቅቤ ለአንዷ ቤት፣ የቀን ምሳ ለሌላዋ ቤት መቅረቱ እኩል ሆኖ ነበር።

በጨረቃ ብቻ የሚሄድ አቆጣጠር ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ስለማይናገር፣ አርብቶ አደሩ ከሂጅራው ጎን የወቅት አቆጣጠር ይዟል። በኢሳ አካባቢ ድራዕ የሚባለው የበልጉ ዝናብ ነው፤ ካራን ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘንበው ነው፤ ጂላል ረጅሙ ደረቅ ወቅት ነው። ለእነዚህ እናቶች ቀኑ ሳይሆን ግጦሹ ነው ልደቱን የሚያስታውሰው። ስንት ቀን ይሆናል ብሎ መሳቅ አይገባም፤ ከብት የሚያድር ሰው በታኅሣሥ 19 ምን ያደርግበታል?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። በሂጅራ አቆጣጠር 18 ዓመት የሞላት ልጅ በፀሐዩ አቆጣጠር ገና 17 ዓመት ከ5 ወር ተኩል ገደማ ናት። በየዓመቱ የምትጎድለው 11 ቀን በ18 ዓመት ውስጥ ተጠራቅማ ስድስት ወር ተኩል ያህል ትሆናለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ የወሰነው ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በቅጣት ያስጠይቃል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለምትዘጋጅ ልጅ ስድስት ወር ተኩል ትንሽ ጊዜ አይደለም። አባት «ሞልቷታል» ሲል በቅን ልቡ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ቆጠረ መጠየቅ የእናት ድርሻ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ድፍረት ሊባል አይገባውም።

ዕድሜን በተለያየ መንገድ መቁጠር በእኛ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። በጃፓን ባህል ሕፃን ሲወለድ ያን ዕለቱን «አንድ ዓመቱ» ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓመት የሚጨመርለት በልደቱ ቀን ሳይሆን በአዲስ ዓመት፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቀን የተወለደ ልጅ በማግስቱ ሁለት ዓመት «ይሞላው» ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ በዚህ አቆጣጠር መጠቀሙን ትቶ ዕድሜውን ከልደት ቀን ጀምሮ እንዲናገር የሚያደርገው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

ጃፓኖች የዘመን አቆጣጠርን ያገኙት ከቻይና፣ በኮሪያ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ602 አንድ የኮሪያ መነኩሴ የአቆጣጠር መጻሕፍት ይዞ እንደ ገባ ታሪካቸው መዝግቧል። ወሩ በጨረቃ፣ ዓመቱ በፀሐይ የሚያዝ ሲሆን፣ 11ዱን ቀን ለማስታረቅ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ተጨማሪ ወር ይገባበት ነበር። 19ኟ እዚያም አለች። እ.ኤ.አ. በ862 የተቀበሉትን ስሌት ሳያርሙ ከ800 ዓመት በላይ ሲሠሩበት ቆይተው 2 ቀን ያህል ስለ ተዛባ፣ ሺቡካዋ የተባለ ሊቅ አርሞት አዲሱ እ.ኤ.አ. በ1685 ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የማረከኝ ግን በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ላልተማሩ ገበሬዎች የታተመው የሥዕል ቀን መቁጠሪያ ነው። ፊደል አልነበረበትም። የዝናቡ ወቅት መግቢያ በጃፓንኛ ሲጠራ ከ«ሸክም መንጠቅ» ጋር ስለሚመሳሰል፣ ቀኑን ለማመልከት የሰው ሸክም ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ ይሣሉበታል። ገበሬው ሌባውን አይቶ ዝናቡን ይጠብቃል። የእኛዋ እናት በቁልቢ ገብርኤል እንደምትይዘው ያለ ነው፤ የእነሱ ግን በወረቀት ላይ በመውረዱ ሰው ሲሞት አብሮ አልጠፋም።

ሠራተኛ እናቶችን ፈገግ የሚያሰኝ ሌላም ነገር አለ። ጃፓን የፈረንጆቹን አቆጣጠር የያዘችው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1873 ሲሆን፣ ሕዝቡ የተነገረው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ያን ያህል ጥድፊያ ያስፈለገው፣ በአሮጌው አቆጣጠር መጪው ዓመት 13 ወር ስለ ነበረውና ለመንግሥት ሠራተኞች 13 ጊዜ ደመወዝ መክፈል ሊመጣ ስለ ሆነ መሆኑን በጊዜው የነበሩት ባለሥልጣን ኦኩማ ሺጌኖቡ በኋላ ተናግረዋል። የእኛ 13ኛ ወር ይህን ጭንቀት ለማንም አልፈጠረም፤ የወር ደመወዝተኛ የሚከፈለው 12 ጊዜ ነውና። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ምድጃ ግን አላት።

የጃፓን አቆጣጠር ሌላ ፊትም አለው፤ ይኸኛው አያስቅም። ዓመቶቹ 12 የእንስሳት ስሞችን ከአምስቱ ባሕርያት ጋር እያጣመሩ በ60 ዓመት ይዞራሉ። ከእነዚህ አንዱ «የእሳት ፈረስ» የሚባለው ነው። በዚህ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ትገድላለች፣ ቤት ታፈርሳለች የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ይህ ዓመት ሲደርስ ብዙ ወላጆች የሴት ልጆቻቸውን ልደት ባለፈው ወይም በሚመጣው ዓመት አስመዘገቡ። ለወንዶቹ ይህ አላስፈለጋቸውም። በ1966 ዙሩ ሲመለስ ደግሞ፣ ቴሌቪዥንና ፈጣን ባቡር ባለበት አገር፣ የተወለዱት ሕፃናት ቁጥር ከ1 ሚሊዮን 820 ሺህ ገደማ ወደ 1 ሚሊዮን 360 ሺህ ወርዶ በማግስቱ ዓመት ተመልሶ ወደ 1 ሚሊዮን 930 ሺህ ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። ቀጣዩ የእሳት ፈረስ ዓመት የሚያርፈው እ.ኤ.አ. በ2026 ላይ ነው።

እኛስ? የልጅና የእናት ስም ፊደል ተቆጥሮ «ኮከባቸው አይገጥምም» ተብሎ የተፈታ መተጫጨት በየመንደሩ ይነገራል። «አይገጥምም» ሲባል ብዙውን ጊዜ እንከን የሚፈለገው በልጅቱ በኩል ነው። ቀን ለጾምና ለበዓል፣ ለዝናብና ለዘር ሲቆጠር ስንት ሰው ያስተዳድራል፤ ሴት ልጅ ገና በእቅፍ ሳለች የሚፈርድባት ሲሆን ግን እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት መልክ አለው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለነፍሰ ጡር እናት የሚመች መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። ወራችን 30 ቀን ስለ ሆነ ይህ በትክክል 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል። መስከረም 10 ቀን ያየች እናት ሰኔ 20 ትጠብቃለች። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች፣ የጳጉሜን 5 ቀን ስለሚታሰብ፣ 9 ወር ከ5 ቀን ብቻ ይደመራል። ጥር 1 ቀን ያየችው ጥቅምት 6 መሆኑ ነው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት አንድ ቀን ይቀነሳል። ይህ ግምት ነው፤ ልጁ ከዚያ ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ቢመጣ አያስደነግጥም። ቀኑን ግን ጤና ጣቢያ ከመሄድ በፊት በቤት ማወቅ ይቻላል።

ክትባቱም እንደዚሁ ነው። ከውልደቱ ዕለት ክትባት በኋላ 6ኛው፣ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት በእኛ አቆጣጠር 1 ወር ከ12 ቀን፣ 2 ወር ከ10 ቀን፣ 3 ወር ከ8 ቀን ላይ ይውላሉ፤ ጳጉሜን መካከል ከገባች እሷን መርሳት አይገባም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ግን ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ሲመልስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 8 መደመር የሚጀምረው ከታኅሣሥ 22 ነው። በ2010 ዓ.ም. የተወለዱ ሁለት ልጆችን እንውሰድ። አንዷ በቁልቢ ገብርኤል ማግስት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን ተወለደች፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2017 ነው። ሌላዋ በገና ማግስት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 ነው። በመካከላቸው 10 ቀን ብቻ ሲኖር የፈረንጁ ዓመት ተለውጧል። ለሁለተኛዋም 7 የደመረ አባት ልጁን በአንድ ዓመት አስረጀ። ፓስፖርት ከወጣና ማስረጃው ሁሉ በዚያ ከተሞላ በኋላ ለማረም ስንት ደጅ መጥናት እንዳለበት የደረሰበት ያውቀዋል። ወደ ውጭ አገር ከሄዱት ወገኖቻችን መካከልም ቀናቸው ባለመታወቁ በወረቀት ላይ ሁሉም ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱ የሆኑ ብዙ አሉ።

ቀኑ ያልተጻፈለትን ልጅ ቀን ከእናቱ ትዝታ ማውጣት ይቻላል፤ መዝጋቢው ታግሦ ከጠየቀ። «ረመዳን በገባ በአሥረኛው ሌሊት» ያለችው እናት በ2016 ዓ.ም. ከወለደች፣ ጾሙ መጋቢት 2 ስለ ገባ አሥረኛው ቀን መጋቢት 11 ነው። ሆኖም በእስልምናው ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ በመሆኑ አሥረኛው ሌሊት ማለት የመጋቢት 10 ማታ ነው። «ካራን በጀመረ ሰሞን» ያለችውን ደግሞ ሌላ ምልክት መጠየቅ ይረዳል፤ ከአረፋ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር? ከጎረቤት ማን አብሮ ወለደ? ሁለት ምልክት ከተገኘ የቀኖቹ ክልል ይጠባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጁ በተወለደበት ሳምንት፣ እናት ማንበብ ባትችል እንኳ ታላቅ ልጇ በደብተር ጀርባ የኢትዮጵያውን ቀን፣ ካለም የሂጅራውን፣ ከነአቆጣጠሩ ስም ጽፎ እንዲያኖር ማድረግ ነው። «2016» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት የማን 2016 እንደ ሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ አይናገርም።

ጳጉሜን የተወለዱ ልጆችስ? 12 ወር ብቻ የሚያውቀው የፈረንጅ ቅጽ 13ኛ ወር ስለማይቀበል፣ ቀኑ ሳይመለስ «ጳጉሜን» ተብሎ ከቀረበ መመለሱ አይቀርም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጁ የሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ልጅ ናት። ጳጉሜን 6 ከዚያ በኋላ የምትውለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመቶች ዳቦዋ ጳጉሜን 5 ይቆረስ ወይስ መስከረም 1 የሚለውን ለቤተሰቡ እንተዋለን። በዓውደ ዓመት ዋዜማ የተወለዱ ልጆች ግን፣ ዶሮው ለእነሱ ነው ወይስ ለእንቁጣጣሽ ብለው ሲያኮርፉ ማየት የተለመደ ነው።